ደመወዝ ደረሰ የሚባለው መቼ ነው?

ረመዳን የሆድ ጾም ብቻ እንዳልሆነ በየዓመቱ እንነጋገራለን። ዓይን ይጹም፣ ምላስ ይጹም እንላለን። እጅም የሰው ሐቅ ከመያዝ መጾም አለበት። ከሰው ሐቅ መካከል ደግሞ ሃይማኖታችን አጥብቆ ያስጠነቀቀበት የሠራ ሰው ዋጋ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሠራተኛ ዋጋውን ላቡ ሳይደርቅ እንዲያገኝ ማዘዛቸውን ልጆቻችን ሳይቀሩ ያውቁታል። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ አላህ (ሱ.ወ) በቂያማ ዕለት ከሚሟገታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ከተቀበለ በኋላ ዋጋውን የከለከለ ሰው ነው።

ይህንን ትእዛዝ ዛሬ ስናነሣ አንድ አዲስ ጥያቄ ይገጥመናል። በዚህ ዘመን ትልቁ ቀጣሪ መንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ ዋጋውን ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም። በየአገሩ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝና የጡረተኛ አበል ከገንዘብ ያዥ መስኮት እየወጣ ወደ ካርድና ወደ ስልክ እየገባ ነው። ከእነዚህ መንገዶች አንዱ ገንዘብ አስቀድሞ የሚሞላበት ካርድ ነው። ካርዱ የብድር ካርድ አይደለም፤ በውስጡ ከተሞላው በላይ አያወጣም። ባለካርዱም እንደ ነጋዴ ሙሉ የባንክ ሒሳብ እንዲኖረው አይጠበቅም። ከፋዩ መሥሪያ ቤት በወሩ መጨረሻ ገንዘቡን በካርዱ ላይ ይሞላል፤ ተቀባዩ ከማሽን ያወጣል ወይም ሱቅ ገብቶ ይከፍልበታል።

ከሸሪዓ አንጻር ካርዱ በራሱ ችግር የለበትም። በባሕሬን የሚገኘው የኢስላማዊ ፋይናንስ ተቋማት የሒሳብና ኦዲት ድርጅት ስለ ካርዶች ባወጣው 2ኛው የሸሪዓ መስፈርቱ፣ ሰው ከራሱ ገንዘብ ብቻ የሚያወጣበትንና ወለድ የማያስከትለውን ካርድ ፈቅዷል። ስለዚህ ካርድ ሐላል ነው ወይስ ሐራም የሚለው ክርክር ብዙም አያስኬደንም። ልንጠይቅ የሚገባን ሌላ ነው። ገንዘቡ ካርዱ ላይ ከተሞላ በኋላ ከፋዩ ከአላህ ፊት ነፃ ወጥቷል ወይ? ደመወዝ ደረሰ የሚባለውስ መቼ ነው?

ዑለማዎች ይህንን ጥያቄ ዛሬ አልጀመሩትም። በፊቅህ ‘ቀብድ’ የሚባል ሰፊ ምዕራፍ አለ። ቃሉ በዐረብኛ መጨበጥ፣ በእጅ ማድረግ ማለት ነው። በገበያችን ሻጭ አስቀድሞ በእጁ የሚጨብጠውን ገንዘብ ‘ቀብድ’ ስለምንለው ቃሉ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ጥንት መጨበጥ ማለት በእጅ መያዝ፣ መስፈር ወይም መመዘን ነበር። ገንዘብ በቁጥር ብቻ የሚንቀሳቀስበት ዘመን ሲመጣ፣ መቀመጫው ጂዳ የሆነው ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ በ1990 ባካሄደው 6ኛ ጉባኤ በውሳኔ ቁጥር 53 ጉዳዩን ተመለከተው። ሁለት ዓይነት መጨበጥ እንዳለ አስረዳ። አንደኛው በእጅ የሚደረገው ነው። ሁለተኛው በሕግ ዓይን እንደ ተጨበጠ የሚቆጠረው ነው፤ በሰው የባንክ ሒሳብ ውስጥ ገንዘብ መግባቱ ከዚህኛው ይመደባል።

ይህ ለመንግሥታትም ለባንኮችም ትልቅ ማቅለያ ነው። ነገር ግን ዑለማዎቹ ማቅለያውን ያለ መሠረት አልሰጡትም። በእጅ ያልተያዘ ነገር እንደ ተጨበጠ የሚቆጠረው ባለቤቱ እንደ ልቡ ሊያዝበት ሲችል ነው። ይህንን ‘ተምኪን’ ይሉታል፤ ማስቻል ማለት ነው። ማንም ሳይከለክለው፣ ማንም ሳይቆርጥበት፣ በፈለገው ጊዜ ሊያወጣውና ሊያውለው ከቻለ ተቀብሏል። ካልቻለ ገና መንገድ ላይ ነው። እንግዲህ የደመወዝ ጉዞ ሁለት ምዕራፍ አለው ማለት ነው፤ ከግምጃ ቤት እስከ ካርዱ፣ ከካርዱ እስከ ባለቤቱ እጅ። የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ይቆጣጠረዋል፤ ሪፖርትም ይወጣበታል። ሁለተኛውን ግን ማን ይቆጣጠረዋል?

ይህንን በተግባር ለማየት ኢራቅን እንመልከት። ኢራቅ በነዳጅ ገቢ የምትተዳደር፣ ከ4 ሚሊዮን በላይ የመንግሥት ሠራተኛ ያላት አገር ናት። በብዙ ቤት የእህል ዋጋ የሚመጣው ከመንግሥት ደመወዝ ወይም ከጡረታ ነው። እ.ኤ.አ ከ2003 ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ጥሬ ገንዘብ ይዞ መንገድ መሄድ ነፍስን ያስከፍል ነበር። እ.ኤ.አ በ2007 ሁለቱ የመንግሥት ባንኮች ራፊዳይንና ረሺድ የተሳተፉበት አንድ የካርድ ኩባንያ ተቋቋመ። ያወጣው ካርድ ‘ኪ ካርድ’ ይባላል። ለጡረተኞች፣ ለማኅበራዊ ድጋፍ ተጠቃሚዎችና ለመንግሥት ሠራተኞች ተሰጠ። ባለቤቱን የሚለየው በጣት አሻራ ነው፤ ስለዚህ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አዛውንትም ቁጥር ሳይሸመድዱ ገንዘባቸውን የሚያገኙበት መንገድ ተከፈተ።

የአሻራው ሌላ ጥቅምም ነበረው። በኢራቅ ‘አልፈዳኢዩን’ የሚባሉ ሰዎች አሉ። በቀጥታ ሲፈታ የጠፈር ሰዎች ማለት ነው። ስማቸው በደመወዝ መዝገብ ላይ አለ፤ ሰዎቹ ግን መሬት ላይ የሉም። ደመወዛቸውን አለቃው ወይም ሌላ ሰው ይወስደዋል። እ.ኤ.አ በኅዳር ወር መጨረሻ 2014 የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ሐይደር አልዐባዲ በአራት ክፍለ ጦሮች ውስጥ ብቻ 50 ሺህ እንዲህ ያሉ ወታደሮች መገኘታቸውን ለፓርላማው ተናግረው ነበር። ይህ የሆነው የሞሱል ከተማ በአይሲስ እጅ በወደቀች በወራት ውስጥ ነው። በሌለ ወታደር ስም የተበላ ደመወዝ ከተማን ያህል ነገር እንደሚያስከፍል ያን ጊዜ ታየ። አሻራ የሌለው ሰው ካርድ አይወስድም፤ ስለዚህ በአሻራ የሚሠራ ካርድ ለዚህ ዓይነቱ ሌብነት መከላከያ ይሆናል። ቁርኣን በሱረቱ አልሙጠፊፊን ሰፍረው ሲሰጡ የሚያጎድሉትን አውግዟል። የሌለ ሰው ስም በመዝገብ አስገብቶ የሕዝብን ገንዘብ መውሰድ ከዚያ የከፋ እንጂ ያነሰ አይደለም። ካርዱ ይህንን በር በመዝጋቱ ሊመሰገን ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ካርዱ የዘጋው የመጀመሪያውን ምዕራፍ በር ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ ሌሎች በሮች ተከፈቱ። በየሰፈሩ ማሽን የያዙ ገንዘብ ከፋይ ሱቆች ተነሡ። ለብዙ አዛውንት ቅርብ ስለሆኑ ጠቀሟቸው፤ ከሚፈቀደው በላይ ኮሚሽን ይቆርጣሉ የሚል ቅሬታ ግን አብሯቸው መጣ። ደመወዝ በካርድ መግባቱ ለብድርም መንገድ ጠረገ። ባንኩ በየወሩ ገንዘቡ በእጁ እንደሚያልፍ ስለሚያውቅ በደመወዙ ዋስትና ‘ሱልፋ’ የሚባል ቅድሚያ ይሰጣል። ‘ሱልፋ’ የሚለው ቃል በጥንቱ የፊቅህ ቋንቋ መልካም ብድርን ያስታውሳል። በተግባር ግን ወለድ የሚታሰብበትም አለ። እንዲህ ያለ ብድር የያዘ ሠራተኛ በወሩ መጨረሻ ካርዱን ሲያስገባ ክፍያው አስቀድሞ ተቆርጦ ይጠብቀዋል። ላቡን ያፈሰሰበት ገንዘብ እጁ ሳይነካው አልፎታል።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። ካርድ ባዶ ግምጃ ቤትን ወይም የተጣሉ ባለሥልጣናትን አያስታርቅም። የኢራቅ ኩርዲስታን ክልል ሠራተኞች ከእ.ኤ.አ 2014 ወዲህ ደመወዛቸው ሲዘገይና ሲቆራረጥ ኖሯል። እ.ኤ.አ በየካቲት ወር 2024 የአገሪቱ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የክልሉ ሠራተኞች ደመወዝ በባግዳድ በኩል በቀጥታ በባንክ እንዲከፈላቸው ወሰነ። የክልሉ መንግሥትም የራሱን የዲጂታል ደመወዝ ሥርዓት ያስፋፋ ነበር። ክርክሩ በየትኛው ባንክና በየትኛው ካርድ ይከፈል ወደሚል ተለወጠ። እ.ኤ.አ በግንቦት ወር 2025 መጨረሻ፣ ዒድ አልአድሃ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት፣ የባግዳድ ገንዘብ ሚኒስቴር ለክልሉ ደመወዝ የሚልከውን ገንዘብ አቆመ። ካርዱ በኪስ ነበር፤ ማሽኑም ይሠራ ነበር። የሚሞላበት ገንዘብ ግን አልመጣም። ስለዚህ አንድ መንግሥት ካርድ አደልኩ ሲለን፣ በሰዓቱ ሞልተኸዋል ወይ ብለን የመጠየቅ መብት አለን።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ከተደነገገ ስድሳ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። በዚህ ሥርዓት አንድ ሲቪል ሠራተኛ በየወሩ ከደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል፤ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይጨምርለታል። በ60 ዓመቱ ሲወጣ አበሉ በአገልግሎት ዘመኑና በመጨረሻ ዓመታት አማካይ ደመወዙ ይሰላል፤ ከፍተኛው ጣሪያ 70 በመቶ ነው። ሲሞት ሚስቱ የአበሉን 50 በመቶ ታገኛለች። እነዚህን ቁጥሮች የጠቀስነው አንድ ነገር ግልጽ እንዲሆን ነው። ጡረታ የመንግሥት ችሮታ አይደለም። ሰውየው ወጣት ሳለ ከወር ቀለቡ ላይ እየቆረጠ ያስቀመጠው፣ ያደረ ደመወዝ ነው። ስለ ደመወዝ የተነገረው ማስጠንቀቂያ ሁሉ ለጡረታም ይሠራል። እንዲያውም ይበልጥ ይሠራል፤ ላቡ ከደረቀ ዓመታት አልፈዋልና።

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በባንክ ሒሳብ መግባቱ ተለምዷል። ኤቲኤም ካርድ በብዙ ሠራተኛ ኪስ አለ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክም የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። ለወጣቱ ይህ ሁሉ እፎይታ ነው። ሰልፍ ቀርቷል፤ ቀን አይባክንም፤ ገጠር ለቀረች እናት ገንዘብ መላክ የደቂቃ ሥራ ሆኗል። ይህንን ጸጋ አንክድም። ነገር ግን ሥርዓቱ የሚመዘነው በሚቀለው ሰው ሳይሆን በሚከብደው ሰው ነው። የሚከብደው ደግሞ ዓይኑ የደከመው፣ ጽሑፍ የማያነበው፣ ጣቱ በቁፋሮና በማጠብ ተልጦ አሻራው የማይያዘው፣ ኔትወርክ የማይደርስበት ቀበሌ የሚኖረው ሰው ነው። በጾም ሰዓት ከማሽን ማሽን ሲሄድ ውሎ “ገንዘብ የለም” የሚል ጽሑፍ ብቻ ያየ ሽማግሌ፣ በመዝገብ ተከፍሎታል። በተምኪን ሚዛን ግን አልተከፈለውም።

ማሽን ይሳሳታል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም፣ ረመዳን በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት በአንድ ሌሊት ባጋጠመው ችግር ብዙ ሰዎች የእነርሱ ያልሆነ ገንዘብ አወጡ። ባንኩ መጠኑን ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ብሎታል፤ አብዛኛው በኋላ ተመልሷል። ያንን ገንዘብ የወሰደ ሰው መመለስ ግዴታው መሆኑ አያጠያይቅም፤ ማሽን ስለሰጠ ሐላል አይሆንም። በዚያ ሌሊት ስሕተቱ ባንኩን ስለጎዳ አገሩ ሁሉ ሰማ። ማሽን ከአንድ ጡረተኛ ሒሳብ ቆርጦ ብሩን ሳይሰጠው ሲቀርስ ማን ይሰማል? እርሱና ቤተሰቡ ብቻ። ባንክ የራሱን ገንዘብ ለማስመለስ ያሳየውን ትጋት የጡረተኛውን 500 ብር ለመመለስም ሊያሳይ ይገባዋል። ፍትሕ በሁለቱም ወገን አንድ ሚዛን ሊኖረው ግድ ነው።

በሁለተኛው የደመወዝ ምዕራፍ ላይ አራት ነገሮች ተለይተው እንዲታዩ እንፈልጋለን።

የመጀመሪያው የሚስጥር ቁጥር ነው። አዛውንቶቻችን ካርዳቸውንም ቁጥራቸውንም ለልጅ፣ ለጎረቤት ወይም በኤቲኤም በር ላይ ላገኙት ሰው ይሰጣሉ። ማሽኑ የሚያውቀው ቁጥሩን እንጂ ባለቤቱን አይደለም። ቁርኣን በአልበቀራ ምዕራፍ 282ኛው አንቀጽ ስለ ዕዳ ውል ሲያዝ፣ ባለዕዳው ደካማ ከሆነ ወይም ማጻፍ ካልቻለ ጉዳዩን የሚይዝለት ሰው በፍትሕ እንዲያጽፍለት ደንግጓል። አላህ ደካማውን ከገንዘብ ጉዳይ አላስወጣውም፤ ታማኝ ወኪል ሰጠው እንጂ። ባንኮችም ከዚህ መማር ይችላሉ። ጡረተኛው የሚወክለው ሰው በመዝገብ ይታወቅ፤ ያወጣው ገንዘብ ይጻፍ፤ ለባለቤቱም በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። የአባቱን ካርድ የያዘ ልጅ ደግሞ የያዘው አማና መሆኑን ይወቅ። ከአባቱ ጡረታ ሳያስፈቅድ የሚወስዳት ብር የዘመድ ገንዘብ ስለሆነች አትቀልም።

ሁለተኛው የአገልግሎት ክፍያ ነው። እውነተኛ አገልግሎት ለሰጠ ሰው ዋጋ መክፈል በሸሪዓ የተፈቀደ ነው። ነገር ግን አንድ ዓይነት ክፍያ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት አይከብድም። ለምሳሌ በአንድ ወጪ 10 ብር ይቆረጣል እንበል። የ20 ሺህ ብር ደመወዝተኛ አንድ ጊዜ ቢያወጣ የከፈለው ከደመወዙ አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። የ2 ሺህ ብር አበል ያላት ባለቤቷ የሞተባት እናት፣ ገንዘቡን ቤት ማስቀመጥ ፈርታ በወር አራት ጊዜ ብታወጣ 40 ብር ትከፍላለች፤ ከአበሏ 2 በመቶ ነው። ከሁሉ ያነሰ ያላት ከሁሉ የበለጠ ድርሻ ከፈለች ማለት ነው። ደግሞም ክፍያውን መርጣ አልገባችበትም፤ ገንዘቧ በዚያ መንገድ እንዲመጣ የወሰነው ሌላ ነው። ዕዳን ለባለቤቱ የማድረስ ወጪ በባለዕዳው ላይ መሆን አለበት። ስለዚህ የወር ደመወዝንና አበልን ቢያንስ የመጀመሪያውን ወጪ ያለ ክፍያ ማድረግ ፍትሕ ነው።

ሦስተኛው ወለድ ነው። በአገራችን ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ከተፈቀደ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የንግድ ባንኩ ሲቢኢ ኑር አለ፤ በሌሎች ባንኮችም ተመሳሳይ መስኮቶች ተከፍተዋል። ከ2013 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ ዘምዘምና ሒጅራን የመሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ሥራ ላይ ናቸው። እንግዲህ አንድ ሙስሊም ሠራተኛ ደመወዜ ከወለድ ነፃ በሆነ ሒሳብ ይግባልኝ ቢል፣ መሥሪያ ቤቱ ጥያቄውን እንደ ልዩ ውለታ ሊያየው አይገባም። ካርድ ወይም ሒሳብ በጅምላ ሲታደል የመምረጫ ቦታ ይኑር። በደመወዝ ዋስትና የሚሰጥ ፈጣን ብድርም እንዲሁ ነው። በስልክ በሁለት ደቂቃ የሚገኝ ብድር በወሩ መጨረሻ ጭማሪ ይዞ ሲመለስ ስሙ ‘የአገልግሎት ክፍያ’ ቢባልም፣ በጊዜና በብድሩ መጠን የሚያድግ ከሆነ ዑለማዎች የሚያዩት ስሙን ሳይሆን ምንነቱን ነው።

አራተኛው ክፍት በር ነው። አዲስ መንገድ ሲከፈት አሮጌውን በአንድ ጊዜ መዝጋት ደካማውን ውጭ ያስቀረዋል። ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ባንክ ሒሳብ ለሌላቸው የጡረታና የድጋፍ ተቀባዮች ‘ዳይሬክት ኤክስፕረስ’ የሚባል ቀድሞ የሚሞላ ካርድ እ.ኤ.አ በ2008 አስጀመረ። ካርዱ ለእያንዳንዱ ገቢ አንድ ጊዜ ያለ ክፍያ ማውጣትን ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ ከማርች 1 ቀን 2013 ጀምሮ የወረቀት ቼክ እንዲቀር ሲደነገግም፣ ያን ጊዜ ከ90 ዓመት በላይ ለነበሩት፣ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ለማይችሉትና ራቅ ባለ ስፍራ ለሚኖሩት ቼኩ እንዲቀጥል ተፈቅዶ ነበር። ቴክኖሎጂ የሞላበት አገር ለሽማግሌው በር ክፍት ካስቀረ፣ እኛ የቆጣሪ መስኮቱን ለአዛውንቱ የምንዘጋበት ምክንያት የለንም።

ስለ ካርድ ስንናገር በዐረብ አገራት ያሉ እኅቶቻችንን ልንዘነጋ አንችልም። ደመወዛቸው ከመንግሥት ባይሆንም ጥያቄው ያው ነው። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ የደመወዝ ጥበቃ ሥርዓትን እ.ኤ.አ በ2009 ጀመረች፤ ቀጣሪዎች ደመወዝን በባንክ በኩል እንዲከፍሉና መንግሥት እንዲያይ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያም ከእ.ኤ.አ ሐምሌ 2024 ጀምሮ የቤት ሠራተኞች ደመወዝ ‘ሙሳነድ’ በተባለው ሥርዓት በኩል በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል በየደረጃው ግዴታ አድርጋለች። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። አልከፈልኩም ብሎ መካድም፣ ሳይከፍሉ ከፈልኩ ማለትም ከባድ ሆኗል። ነገር ግን ካርዱ በአሠሪዋ መሳቢያ የተቀመጠባት፣ የሚስጥር ቁጥሯን የማታውቅ፣ ከቤት ወጥታ ማሽን ዘንድ መድረስ የማትችል ልጅ ደመወዟ በመዝገብ ቢታይም በእጇ የለም። ወደዚያ የሚሄዱ ልጆቻችንን ከመነሣታቸው በፊት አንድ ነገር እናስተምራቸው፤ ካርዱ የአንቺ ነው፣ ቁጥሩንም ለማንም አትስጪ።

ይህ ሁሉ የመንግሥትና የባንክ ኃላፊነት ብቻ ነው ብለን እጃችንን ማጠፍ አንችልም። መስጊዶቻችን በዚህ ወር ይሞላሉ። ከዙህርና ከዐስር ሰላት በኋላ አዛውንቶች አረፍ ብለው ይቀመጣሉ፤ በዙሪያቸውም ስልክና ካርድ እንደ ጨዋታ የሚጠቀሙ ወጣቶች አሉ። የመስጊድ ኮሚቴዎች በሳምንት አንድ ሰዓት መድበው ታማኝ ወጣቶች አዛውንቱን እንዴት እንደሚያወጡ፣ መልእክቱን እንዴት እንደሚያነቡ፣ በስልክ ቁጥራችሁን ንገሩን የሚሏቸውን አጭበርባሪዎች እንዴት እንደሚለዩ ቢያሳዩዋቸው ከሰደቃ የሚቆጠር ሥራ ነው። ነጋዴዎቻችን በካርድ ወይም በስልክ ለሚከፍል ሽማግሌ ዋጋ አይጨምሩ። ደመወዝ በእጃቸው የሚያልፍ የሒሳብና የሰው ኃይል ሠራተኞች ደግሞ አንድ ፊርማ ለነገ ባሳደሩ ቁጥር ስንት ቤት ኢፍጣር እንደሚያጓድሉ ያስቡ።

የዘካም ነገር አለ። ካርድ ላይ ያለ ገንዘብ አይታይም ብሎ ከዘካ ስሌት የሚተወው ሰው አይጠፋም። በካርድም ይሁን በስልክ የተቀመጠ ገንዘብ፣ ከሌላው ሀብት ጋር ተደምሮ ኒሷብ ከሞላና ዓመት ከዞረበት ዘካ ይወጣበታል። የዒድ ሌሊት ማሽኖች ስለሚጨናነቁ ደግሞ ዘካተል ፊጥርን ለመጨረሻው ሰዓት አናሳድር፤ ከዒድ ሰላት በፊት ለባለቤቱ መድረስ ያለበት ሐቅ ነው።

ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) የሕዝቡን አበል በመዝገብ የሚያሰፍር ዲዋን ያቋቋሙ መሪ ናቸው። ያ መዝገብ የዘመኑ አዲስ አሠራር ነበር። አቡ ዩሱፍ ‘ኪታቡል ኸራጅ’ በተሰኘው መጽሐፋቸው እንደ ዘገቡት፣ በመንገድ ሲለምን ያገኙትን አንድ አረጋዊ አይሁዳዊ በወጣትነቱ ግብር ወስደንበት በእርጅናው ልንተወው አይገባም በሚል መንፈስ ከበይተል ማል አበል አዝዘውለታል። መዝገቡን ከሠሩ በኋላም አልተኙም። ሌሊት መዲናን ሲዞሩ ልጆቿ በረኃብ የሚያለቅሱባት ሴት ሲያገኙ የዱቄቱን ከረጢት በራሳቸው ጀርባ ተሸክመው እንደ ወሰዱላት ሁላችንም ሰምተን አድገናል። መዝገቡ የት እንደሚያቆም ያውቁ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በእግራቸው ሄዱበት።

ደመወዝንና ጡረታን በካርድ ለማድረስ የሚሠሩ ሁሉ ከዚህ ሚዛን አይውጡ። ሪፖርቱ ላይ ስንት ካርድ ታደለ፣ ስንት ብር ተሞላ ከሚለው ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨመርበት፤ ስንቱ ሰው ገንዘቡን ሳይጎድልና ሳይዘገይ በእጁ አገኘ? የዚያ መልስ እስኪታወቅ ድረስ ከፋዩ ከፈልኩ ለማለት አይቸኩል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አንኒሳእ 58ኛው አንቀጽ አማናዎችን ለባለቤቶቻቸው እንድናደርስ አዝዞናል፤ ትእዛዙም እስከ ባለቤቱ እጅ ነው። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ የሰው ሐቅ በእጃችን ይዘን ዒድን ከሚቀበሉት አያድርገን። መልካም የረመዳን ወር።